ከወንዝ ጥቁር አሸዋ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሸክላ፦ ቀዩም ዝም አለ፣ ጥቁሩም ዝም አለ

የአዌቱ ሸክላ (ጅማ፣ ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሁለት ወር በላይ የደከምኩበት ነገር አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ክረምቱ ሲበረታ ከሰፈራችን በታች ያለው ጅረት ጎርፍ ያወርዳል። ጎርፉ ሲጎድል ዳር ዳሩን ጥቁር አሸዋ መስመር ሠርቶ ይቀራል፤ ቀላሉን አፈር ውኃው ወስዶት ከባዱ ብቻ የቀረ ነው። ልጆች ሳለን ከተሰበረ ሬዲዮ ባወጣነው ማግኔት እየሳብን ፂም እናበቅልለት ነበር። አሁን በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ያ አሸዋ ግን ከልቤ አልወጣም።

የምፈልገው ይህን ነው። እናቴ እንጀራ ስትጋግር የምጣዱ ጎን እጅ አያስጠጋም። ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ጣሪያ ይወጣል። ከዚያ ጥቂቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ቢያንስ አንዲት ትንሽ መብራት ማብራት፣ ቢሳካም እሳቱን የሚያራግብ ማራገቢያ ማዞር። በገበያ ያሉት ቴርሞኤሌክትሪክ (ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ) ሰሌዳዎች ከቢስመትና ከቴሉሪየም የሚሠሩ ናቸው፤ ቴሉሪየም ደግሞ በምድር ቅርፊት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ብረትና ቲታኒየም ግን በዚያ ጥቁር አሸዋ ውስጥ ደጃችን ላይ ነው ብዬ ተነሣሁ።

አንደኛው ሙከራ። አሸዋውን በማግኔት ሰብስቤ በብረት ሙቀጫ ወቀጥኩ፤ በጨርቅ ነፋሁ፤ እንዲያያዝልኝ አንድ አምስተኛ የሸክላ ጭቃ ጨመርኩበት። 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ክብ ቁርጥራጮች አድርጌ በኤሌክትሪክ እቶን 1,100 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት አቆየኋቸው። ጥቁር ገብተው ጠቆር ያለ ቀይ ሆነው ወጡ። የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ መልቲሜትሩ፣ ምንም አላነበበም። ሳሞቃቸው ኦማቸው (ኤሌክትሪክን የመከልከል መጠናቸው) ወደ መቶ ሺዎች ወረደ፤ ሚሊቮልቱ ግን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል እንጂ አይረጋም።

ሁለተኛው ሙከራ። ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ በቡና ገለባ ከሰል ቀብሬ፣ ከስር በወናፍ እያነደድኩ 3 ሰዓት አቆየኋቸው። ጥቁርና ከባድ ሆነው ወጡ፤ አንዳንዱ ጠርዝ ላይ ያብለጨልጫል። መልቲሜትሩ 0.4 ኦም አለኝ! የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አንዱን ፊት 250 ዲግሪ አሙቄ ሌላውን 40 ላይ ይዤ ስለካው 0.9 ሚሊቮልት ብቻ። ከሁለት የተለያዩ ሽቦዎች የማገኘው እንኳ ከዚህ ይበልጣል።

ቀዩ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ጥቁሩ ያሳልፋል፣ ግን ቮልት አይሰጥም። ምን አጠፋሁ?

---

የፊዚክስ መምህር

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ሁለቱንም ስለለካህ አመሰግንሃለሁ። ብዙ ሰው ኦሙን ብቻ ለክቶ ደስ ብሎት ይቀራል።

ጉዳዩ ያረጀ ነው። ቶማስ ዮሐን ዜቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያዩ ብረቶችን አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቅ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት ኤሌክትሪክ ላልደረሰባቸው ገጠሮች በኩራዝ አናት ላይ የሚደፋ፣ ሬዲዮ የሚያስከፍት ቴርሞኤሌክትሪክ ዘውድ ይሠራ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. የተላኩት የጠፈር መንኮራኩሮች፣ ቮዬጀሮች፣ ኃይል የሚያገኙት ከዚሁ መርሕ ነው። አንተም ቁርጥራጩን ይዘህ የቆምከው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቁስ ጥሩ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲገጥምለት ነው፦ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት ብዙ ቮልት መስጠት፣ ኤሌክትሪክን ማሳለፍ፣ ሙቀትን ደግሞ አለማሳለፍ። ሦስቱ አይስማሙም። ተንቀሳቃሽ ኤሌክትሮኖች ሲበዙ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያልፋል፤ ቮልቱ ግን ይወርዳል። ሲያንሱ ቮልቱ ይወጣል፤ ግን ማለፊያ የለም። አንተ ሁለቱንም ጫፍ ነክተሃል። ቀዩ ሄማታይት የሚባል የብረት ኦክሳይድ ነው፤ አሸዋህ ውስጥ ያለው ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ኦክሳይድ አየር ውስጥ ሲተኮስ ወደ ሄማታይት ይለወጣል። በእርሱ ላይ ሚሊቮልት ስትለካ የቁርጥራጩ ኦም እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ሽቦዎቹ ከአካባቢው የኤሌክትሪክ ሁካታ ይሰበስባሉ፤ ንባቡም አይረጋም። ጥቁሩስ? 0.9 ሚሊቮልት ለ210 ስታካፍለው ለአንድ ዲግሪ 4 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ይህ የብረታ ብረት ቁጥር ነው። በከሰል ብዛት ኦክስጅኑን ሁሉ አውጥተህ ብረት አቅልጠሃል ማለት ይቻላል፤ ማቅለጥ ባይሆንም ማጥራት። የሚያብለጨልጨውን ጠርዝ በሞረድ ፋቅ፣ ታየዋለህ።

አንድ ነገር ደግሞ። የመልቲሜትርህን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካካና ስንት እንደሚል ንገረኝ።

---

የአዌቱ ሸክላ

መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ሞረድኩት። ንጹሕ ብረት ነው፤ ነጭ ሆኖ ያበራል። ጫፎቹን ሳነካካ ደግሞ 0.3 ይላል። ያን ሁሉ ደስታዬን የለካሁት በሽቦው ላይ ነበር።

---

የፊዚክስ መምህር

ልብህ አይሰበር። ከ10 ኦም በታች ያለውን በ4 ሽቦ ለካ፦ በሁለቱ ከባትሪ የታወቀ ፍሰት ታስገባለህ፣ በሌሎቹ ሁለት ቁርጥራጩ ላይ ብቻ ያለውን ቮልት ታነባለህ። የሽቦው ኦም ከሒሳቡ ይወጣል።

---

ባሳልት

ከሸክላው በፊት ስለ አሸዋው ልናገር፤ ሥራው እዚያ ነው የሚጀምረው።

የጅማ አካባቢ ደጋ በአብዛኛው ባሳልትና ትራካይት የሚባሉ የእሳተ ገሞራ አለቶች ነው፤ ቀዩ አፈራችንም ከእርሱ የወጣ ነው። ባሳልት ውስጥ ያለው ጥቁር ማዕድን ሁለት ነው። አንዱ ማግኔታይት ነው፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ቲታኒየም በውስጡ ያሟሟ። ሌላው ኢልሜናይት የሚባል የብረትና የቲታኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ንጹሑ ኢልሜናይት ከክብደቱ 53 በመቶ ገደማ ቲታኒየም ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ በማግኔት የሳብከው ሁሉ «ብረት»፣ የቀረው ሁሉ «ቲታኒየም» አይደለም። ሩታይልና ዚርኮን የሚባሉትን ሌሎች ከባድ ማዕድናት የምታስብ ከሆነ ደግሞ እንደ ኬንያው ክዋሌ ያለ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ወይም ግራናይትና ጥንታዊ አለት ያለበት አገር ይሻላል። ክዋሌ ከ2013 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ሦስቱም ይመረቱ ነበር፦ ኢልሜናይት፣ ሩታይልና ዚርኮን። ከባሳልት ጅረት እነዚያን ብዙ አትጠብቅ።

ለመለየት ሁለት ማግኔት ያስፈልግሃል። የድምፅ ማጉያው ደካማ ማግኔት ማግኔታይቱን ብቻ ያነሣል። ቀጥሎ ከአሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ውስጥ የምታወጣው ብርቱ ማግኔት ኢልሜናይቱን ያነሣል። ሁለቱንም በወረቀት ጠቅልል፤ ወረቀቱን ስትስበው አሸዋው ይረግፋል፣ አለዚያ ከማግኔቱ ላይ ስትለቅም ትውላለህ። አሸዋው ደርቆ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ አላስፈላጊውም ተጣብቆ ይነሣል።

የብረት ሙቀጫውንም ተው፤ ራሱ ብረት ይጨምርበታል። ጭቃውም ጠላትህ ነው። የሸክላ ጭቃ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በእያንዳንዱ ቅንጣት መካከል ግድግዳ ሠርተህበታል።

---

ገበቴ

እኔ አዶላ በረሃ ወርቅ አጥቤያለሁ። የምትሉትን ጥቁር አሸዋ ጠላታችን ነበር የምንለው፤ ወርቁ ከእርሱ ጋር እስከ መጨረሻው ገበቴው ግርጌ ይቀመጣል፣ አንለይህም ይላል።

ወንድሜ፣ ማግኔት ከማስነካትህ በፊት በገበቴ እጠበው። ጥልቅ ሳይሆን ዝርግ ገበቴ፣ ጥቂት ውኃ፣ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝክ ነጩን በከንፈሩ በኩል አፍስስ። ነጩ እንደ ምላስ ረዝሞ ሲሄድ ጥቁሩ ወደ አንተ ይቀራል። ችኩል እጅ ጥቁሩንም ያፈሳል። ሦስት ጊዜ ብትደጋግመው ማግኔትህ ግማሽ ሥራው ይቀልለታል።

---

ባሳልት

ገበቴ የተናገረው ትክክል ነው። ነጩ ኳርትዝ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 2.65 ግራም ነው፤ ኢልሜናይት 4.7፣ ማግኔታይት 5.2። ውኃ ይህን ልዩነት ያውቃል።

---

የቡና ገበያ

ይቅርታ፣ ከተማረው ሰው መካከል መግባቴ ነው። ይህ አሸዋ በኩንታል ስንት ይሸጣል? ወንዛችን ዳር ብዙ አለ።

---

የአዌቱ ሸክላ

ወንድሜ፣ እዚህ የሚሸጥ ነገር የለም። ከአንድ ባልዲ አሸዋ የማወጣው ጥቁር ሁለት እፍኝ አይሞላም። እባክህ ማንም ወንዙን እንዳይቆፍር፤ ዳርቻው ከፈረሰ የበታቹ ማሳ አብሮ ይሄዳል።

---

ሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። በማሰሮ ከሰል ደፍኖ 3 ሰዓት ያለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ኦክስጅን ሲያንሰው ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታትና ማጥወልወል ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለውና ይተኛል። በክረምት ከሰል ይዘው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ተቀብያለሁ፤ ያልነቁም አሉ። እባክህ ሥራውን ደጅ አድርገው፣ ብቻህንም አትሁን። ስትወቅጥና ስትነፋ ደግሞ አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም።

---

የአዌቱ ሸክላ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ሁለተኛውን ሙከራ የሠራሁት በበረንዳ ላይ ነበር፤ ከእንግዲህ ከግቢው መጨረሻ ካለው ክፍት ቦታ አይወጣም።

---

የጀበና ልጅ

ሁላችሁንም ሳነብ ቆይቼ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ። በሙያዋ ብዙ ስድብ የሰማች ሰው ናት፤ ስለዚህ የእርሷን እውቀት እዚህ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ጀበና ከእሳት ሲወጣ ቀይ ነው። ጥቁር ለሚፈልግ ሰው እናቴ ገና ፍም ሳለ በረጅም እንጨት አንጠልጥላ ከእሳቱ ታወጣዋለች። ጉድጓድ ውስጥ ደረቅ ገለባ አለ፤ እዚያ ላይ ታስቀምጠውና ከላይ ሌላ ገለባ ትጨምርበታለች። ነበልባል ሊነሣ ሲል በአመድና በእርጥብ አፈር ትደፍነዋለች። ነበልባል እንዲነሣ አትፈቅድም፤ ጭስ ብቻ። ሲነጋ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ትኩስ እያለ ከተከፈተ ግን ቀይ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ለዚህ ነው ልጆች እንዳንነካ የምንባረረው። ከሰል ውስጥ ግን አትቀብረውም። ለምን ስላት «ከሰል ይበላዋል» አለችኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የእናቴ ጥቁርና የእርስዎ ጥቁር አንድ ነው?

---

የፊዚክስ መምህር

እህቴ፣ ይህ ክር እስካሁን ያጣው መልስ እርስዎ የጻፉት ነው። እናትዎን በእኔ ስም አመስግኑልኝ።

ጀበናው ላይ ሁለት ነገር ይሆናል። አንዱ ጥላሸት ነው፤ የሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ሌላው ግን በሸክላው ውስጥ ያለው ቀይ ሄማታይት ጥቂት ኦክስጅኑን ለጭሱ ሰጥቶ ወደ ጥቁር ማግኔታይት መመለሱ ነው። ገለባው ጥቂት ስለሆነ፣ ሙቀቱም እየወረደ ስለሚሄድ ነገሩ እዚያው ይቆማል፤ እስከ ብረት አይደርስም። ብዙ ከሰል ከብዙ ሙቀት ጋር ከሆነ ግን መንገዱን ሁሉ ሄዶ ብረት ያደርገዋል። «ከሰል ይበላዋል» ያሉት ይህንኑ ነው።

የአዌቱ ሸክላ፣ የምትፈልገው መካከለኛ ቦታ የእኚህ እናት ጉድጓድ ውስጥ ነው። መጀመሪያ በአየር ተኩሰህ ቅንጣቶቹ እንዲጣበቁ አድርግ፤ ቀጥሎ በገለባ አፍነው። ለማያያዣ ጭቃ ሳይሆን ቡላ ተጠቀም። ቡላ ስታርች ነው፤ በውኃ አቅጥነህ ካፈላኸው ሙጫ ይሆናል፣ እቶን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ግድግዳ አይሠራም።

---

የአዌቱ ሸክላ (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ዝም ያልኩት ውጤት ሳልይዝ ላለመምጣት ነው።

አሸዋውን በገበቴ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። በሁለት ማግኔት ለየሁ። በደካማው የተነሣውን ብቻ ወስጄ በድንጋይ ሙቀጫ ወቀጥኩ። የቡላ ሙጫ ጠብታ በጠብታ እየጨመርኩ፣ እጄ ላይ ስጨብጠው ቅርጹን እስኪይዝ። በቧንቧ ቁራጭ ውስጥ አድርጌ በመኪና ክሪክ ጨመቅኩት፤ ሲወጣ ጠርዙ እንደ ሳንቲም ስል ነበር። በ1,150 ዲግሪ በአየር ተኮስኩ። እንደ ጀበናው ቀይ ሆነ። ከዚያ በፍምነቱ አውጥቼ ማሰሮ ውስጥ በገለባ አፈንኩት፤ አደረ።

የመጀመሪያዎቹን ስከፍት ሁሉም ጥቁር። ግን አንዱን ሰብሬ ሳየው ጥቁሩ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ገብቷል፤ ልቡ ቀይ ነው። እንደ ዳቦ ከላይ ብቻ የበሰለ። የጀበናው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጭሱ እስከ ውስጥ ይደርሳል፤ የእኔ ወፍራም ነው። በሁለተኛው ዙር ማሰሮውን ከደፈንኩ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል በስሱ ፍም ላይ አቆየሁት፤ ገለባውንም ከቁርጥራጮቹ ጋር እንዳይነካካ በአሸዋ ለየሁት። ሰብሬ አየሁ፤ እስከ ልቡ ጥቁር። ሞረድኩት፤ የሚያበራ ብረት የለም። ፊቱን ከባትሪ ድንጋይ ባወጣሁት ከሰል ዱቄት ቀባሁና በመዳብ ቆርቆሮ ያዝኩት።

ባለ 4 ሽቦ ልኬት፦ 3 ኦም። ሙቁ 250፣ ቀዝቃዛው 40፦ 11 ሚሊቮልት፣ ሙቁ ፊት ፖዘቲቭ። ሦስት ጊዜ ደገምኩ፤ ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም።

---

የፊዚክስ መምህር

11 ሚሊቮልት ለ210 ዲግሪ፣ ለአንድ ዲግሪ 52 ማይክሮቮልት። ማግኔታይት የሚታወቀው በ50 አካባቢ ነው። ሙቁ ፊት ፖዘቲቭ መሆኑም ኤሌክትሮኖቹ ወደ ቀዝቃዛው እንደሸሹ ያሳያል። ልኬትህ እውነተኛ ነው።

አሁን ሒሳቡን ሳልደብቅህ ልንገርህ። ከአንድ ቁርጥራጭ የምታወጣው ከፍተኛ ኃይል የቮልቱ ካሬ ለ4 ጊዜ ኦሙ ሲካፈል ነው፤ 10 ማይክሮዋት። ለስልክ 5 ዋት ግማሽ ሚሊዮን ቁርጥራጭ ያስፈልግሃል። ስልኩን እርሳው። ነገር ግን 200 ቁርጥራጮችን በተከታታይ ብታያይዝ 2.2 ቮልት ይሆናል፤ ቀይ ኤል ኢ ዲ (ትንሿ የመሣሪያ መብራት) በ1.8 ቮልት ገደማ ይከፈታል። የጠቅላላው ኦም 600 ስለሚሆን ብርሃኑ ደካማ ነው፤ በጨለማ ግን ይታያል። ማራገቢያው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ከዚህ በላይ ለመሄድ ቮልቱን ተወው፤ ኦሙን አውርድ። 3 ኦሙ ወደ 0.03 ቢወርድ በዚያው ቮልት ኃይሉ 100 እጥፍ ሆኖ 1 ሚሊዋት ይደርሳል። ዱቄቱን አድቅቅ፣ ጭመቃውን አብርታ፣ የቀረውን ኳርትዝ እጠብ። ሙቀቱን ደግሞ ከ300 አታሳልፍ፤ አየር ባለበት ቀስ በቀስ ወደ ቀዩ ይመለሳል። የምጣዱ ጎን ለዚህ የሚስማማ ነው።

---

ባሳልት

በብርቱ ማግኔት የለየኸውን ኢልሜናይትስ ምን አደረግኸው? እንዳትጥለው። ያ «ያበላሸኸው» የከሰል ሙከራ ለኢልሜናይት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ቤከር በሚባለው ዘዴ ኢልሜናይትን ከድንጋይ ከሰል ጋር 1,100 እና ከዚያ በላይ ዲግሪ ያሞቁታል፤ ብረቱ ብቻውን ይወጣል። ከዚያ በአሞንየም ክሎራይድ ውኃ ውስጥ አየር እየነፉ ያዝጉታል፤ ዝገቱ ይታጠባል፣ ቲታኒየም ኦክሳይዱ ይቀራል። ንጹሑ ቲታኒየም ኦክሳይድ ነጭ ነው፤ ኦክስጅን ሲጎድለው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፣ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ጥሩ የሚባሉት የቲታኒየም ኦክሳይድ ሴራሚኮች ግን ችሎታቸው የሚወጣው ከ700 ዲግሪ በላይ ነው፤ ለእናትህ ምጣድ ሳይሆን ለጡብ እቶን ጭስ ማውጫ። መጀመሪያ ግን ናሙናውን አስመርምር፤ ስንት ቲታኒየም እንዳለው ሳታውቅ ሌላ ሁለት ወር እንዳትደክም።

---

የጀበና ልጅ

ለእናቴ ቁጥሩን አነበብኩላት። 11 ሚሊቮልት ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ገለባውን ከምን አመጣው?» አለች። ከቡና መፈልፈያ ስላት፣ የቡናው ገለባ ካልደረቀ እንፋሎቱ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ያስጣው፣ አለች። 200 ቁርጥራጭ በአንድ ማሰሮ እንዳይደራረብም ብላለች፤ ጉድጓዷ ሰፊ ነው።

---

የአዌቱ ሸክላ

እህቴ፣ ባለፈው ዙር ከ14ቱ 4 የተሰነጠቁብኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ገለባው በጠዋት የታፈሰ ነበር።

እማማ ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ 60 ቁርጥራጭ ይዤ እመጣለሁ፤ ተጨምቀው ቆርቆሮ ላይ እየደረቁ ናቸው። ገለባውን ከዛሬ ጀምሬ አሰጣለሁ።

---

የጀበና ልጅ

ፈቅዳለች። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ ነፋስ ሳይነሣ ነው የምትተኩሰው።